የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 13ኛው፣ 14ኛውና 15ኛው ማሻሻያ፦ ቃላቱን ማን መረጣቸው? ቀዳዳውስ በየት በኩል ቀረ?

ብራና (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለቤቱ። «ሊንከን በ1863 አዋጅ አወጣ፣ ባርነት ቀረ» የሚለው ነገር እዚህ መድረክ ላይ በተደጋጋሚ ስለሚጻፍ፣ ጉዳዩ ራሱን የቻለ ክር ቢኖረው ይሻላል። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የምትመልሱም እንዲሁ ብታደርጉ አንደናገርም።

መጀመሪያ አዋጁ ራሱ ምን እንደነበር እንይ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 የወጣው የነጻነት አዋጅ የጦርነት ትእዛዝ ነው። ሊንከን ያወጣው በጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥነቱ ስለሆነ የሚሠራው ዓመፅ ላይ ባሉ ቦታዎች ብቻ ነበር። ከኅብረቱ ሳይገነጠሉ ባርነትን የያዙት ሜሪላንድ፣ ደላዌር፣ ኬንታኪና ሚዙሪ አልተነኩም። ቴኔሲ እንዳለች ታለፈች። ከሉዊዚያና ኒው ኦርሊንስን ጨምሮ 13 አውራጃዎች፣ ከቨርጂኒያ ደግሞ በኋላ ዌስት ቨርጂኒያ የሆኑት 48 አውራጃዎችና ሌሎች ጥቂቶች ከአዋጁ ውጭ ተደረጉ።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይብሳል። አዋጁ በባርነት የተያዘውን ሰው ነጻ ቢያወጣውም፣ ባርነትን የሚፈቅደውን የየግዛቱን ሕግ አልሻረም። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ አንድ የጦርነት ትእዛዝ በፍርድ ቤት ይጸናል ወይ የሚለው ጥያቄም ክፍት ነበር። በ1857 በድሬድ ስኮት ጉዳይ 7 ለ 2 ሆኖ «ጥቁር ሰው የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም» ብሎ የፈረደው ፍርድ ቤት አዋጁ ሲወጣ በዚያው ዋና ዳኛ ሥር ነበር። 13ኛው ማሻሻያ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

በ1860 ቆጠራ በባርነት የተያዙት 3,953,760 ሰዎች ነበሩ። ለእነዚህ ሰዎች የእያንዳንዷ ቃል ምርጫ የኑሮ ጉዳይ ነበር። የኔ አቋም እንዲህ ነው፦ በኋላ የደረሰው በደል በብዛት የገባው፣ ረቂቁ ሲዘጋጅ «ይህችን እንለፋት» ተብሎ በተተወው በር ነው። የምታውቁትን አምጡ።

አንቀጽ አምስት

ጥሩ ከፍተኸዋል። ሒሳቡን እኔ ልጨምር፤ የ13ኛው ማሻሻያ ታሪክ ግማሹ የድምፅ ቆጠራ ነውና።

ማሻሻያ በሁለቱም ምክር ቤቶች ድምፅ ከሰጡት አባላት የሁለት ሦስተኛውን ድጋፍ፣ ከዚያ ደግሞ የሦስት አራተኛውን ግዛቶች ማጽደቅ ይፈልጋል። ሴኔቱ ኤፕሪል 8 ቀን 1864 በ38 ለ 6 አሳለፈው። የተወካዮች ምክር ቤት ግን ጁን 15 ቀን 93 ለ 65 ሆኖ ወደቀበት። ድምፅ የሰጡት 158 ናቸው፤ የሚያስፈልገው 106 ነበር፤ 13 ጎደለ።

አሁን አንድ ሰው ላይ እናተኩር። ረቂቁን በምክር ቤቱ ይመራ የነበረው የኦሃዮው ጄምስ አሽሊ፣ መሸነፉን ሲያውቅ ድምፁን ወደ ተቃውሞ ቀየረ። ከ65ቱ ተቃዋሚዎች አንዱ እሱ ራሱ ነው! ምክንያቱ የምክር ቤቱ ደንብ ነው፦ አንድ ጉዳይ ዳግመኛ እንዲታይ መጠየቅ የሚችለው ካሸነፈው ወገን ጋር የቆመ አባል ብቻ ነው። አሽሊ ተቃዋሚ ሆኖ ተቆጠረ፣ ወዲያው የዳግም እይታ ጥያቄውን አስመዘገበ፣ ከዚያ የኖቬምበሩን ምርጫ ጠበቀ።

ሊንከን በድጋሚ ከተመረጠ በኋላ አዲሶቹ ተመራጮች እስኪገቡ አልተጠበቀም። በዚያው በአሮጌው ምክር ቤት ጃንዋሪ 31 ቀን 1865 ድምፅ ተሰጠ፦ 119 ለ 56፣ ድምፅ ያልሰጡ 8። ከ175 የሚያስፈልገው 117 ነው፤ የተረፈው ሁለት ድምፅ ብቻ ነበር። ከዴሞክራቶቹ 16 ደገፉት፤ አብዛኞቹ ወንበራቸውን ሊያስረክቡ አንድ ወር ያህል የቀራቸው ነበሩ። ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ እነዚያ 8 ሰዎች ተገኝተው ቢቃወሙ ኖሮ ድምፅ ሰጪው 183፣ የሚያስፈልገው 122 ይሆን ነበር። 119 አይበቃም። ማሻሻያው ያለፈው በደጋፊዎቹ ብዛት ብቻ ሳይሆን በእነዚያ ስምንት ሰዎች ዝምታም ጭምር ነው።

የግዛቶቹም ቆጠራ የራሱ ጣጣ ነበረው። 36 ግዛቶች ካሉ 27 ማጽደቅ አለባቸው። ተገንጥለው የነበሩት 11 ይቆጠራሉ ወይስ አይቆጠሩም? ከቆጠርናቸው፣ ዲሴምበር 6 ቀን 1865 ጆርጂያ 27ኛ ሆና ዘጋችው፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዊልያም ስዋርድ ዲሴምበር 18 ቀን አወጀው። ካልቆጠርናቸው ደግሞ የቀሩት ግዛቶች 25 ናቸው፤ የሚያስፈልገው 19። ከ27ቱ ላይ ስምንቱን የደቡብ ግዛቶች ስንቀንስ ልክ 19 ይቀራል፤ 19ኛዋ ኒው ሃምፕሸር ጁላይ 1 ቀን 1865 አጽድቃለች። በየትኛውም መንገድ ቢሰላ ያልፋል ማለት ነው።

የማታ አንባቢ

አመሰግናለሁ ወንድም አንቀጽ አምስት። አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ፤ ሊንከን የፈረመበት ቅጂ በየቦታው ይታያል። ፕሬዚዳንት በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ላይ ይፈርማል እንዴ?

አንቀጽ አምስት

አይፈርምም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ገና በ1798 ፕሬዚዳንቱ በማሻሻያ ሂደት ድርሻ የለውም ብሏል። ሊንከን ፌብሩዋሪ 1 ቀን ሲፈርም ሴኔቱ ፊርማው አስፈላጊ እንዳልነበረ በውሳኔ መዝግቧል። ፊርማው የልቡን ስሜት ያሳያል እንጂ ሕጋዊ ክብደት የለውም።

ከእሱ በፊት ፕሬዚዳንት ቡካናን በ1861 የፈረመበት ሌላ ረቂቅ ደግሞ ነበር፤ ይዘቱ ግን ተቃራኒው ነው። የኦሃዮው ቶማስ ኮርዊን ያቀረበው ያ ረቂቅ፣ ኮንግረስ በየግዛቱ ያለውን ባርነት መቼም እንዳይነካ የሚከለክል ማሻሻያ ነበር። በተወካዮች ምክር ቤት 133 ለ 65፣ በሴኔት ማርች 2 ቀን 24 ለ 12 አለፈ። ከ36 ሁለት ሦስተኛው ልክ 24 ነው፤ አንድ ድምፅ እንኳ ቢጎድል ይወድቅ ነበር። ግዛቶቹ አጽድቀውት ቢሆን ኖሮ 13ኛው ማሻሻያ የሚባለው ባርነትን ለዘላለም የሚያጥር አንቀጽ ይሆን ነበር። አራት ዓመት ባልሞላ ጊዜ በዚያው አዳራሽ የተለወጠውን ነገር በዚህ መለካት ይቻላል።

ሰናይት ዘ.

ስለ ምክር ቤቱ አወራችሁ፤ ምክር ቤቱን የገፋው ግን ከውጭ ያለው ሰው ነው፤ እሱን እኔ ልሙላ።

ከ1836 እስከ 1844 የተወካዮች ምክር ቤት ባርነትን የሚመለከት አቤቱታ ሁሉ ሳይነበብ ወደ ጎን እንዲቀመጥ የሚያዝ ደንብ ነበረው። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ በተራ ተወካይነት ገብቶ ስምንት ዓመት ሲታገለው ቆይቶ ዲሴምበር 1844 አስነሣው። ስለዚህ ታጋዮቹ የፊርማ ወረቀት ምን ያህል እንደሚያስፈራ ከድሮ ጀምሮ ያውቁ ነበር።

ሜይ 1863 ኤልዛቤት ኬዲ ስታንተንና ሱዛን አንተኒ በኒው ዮርክ የሴቶች ብሔራዊ የታማኞች ማኅበርን መሠረቱ። አዋጁ በቂ እንዳልሆነ፣ ሙሉ ሕግ እንደሚያስፈልግ ገና ከጅምሩ ተናገሩ። ባዶ የአቤቱታ ወረቀት በፖስታ ወደየከተማው ይላካል፤ ተፈርሞ ሲመለስ ወረቀቶቹ ጫፍ ለጫፍ በሙጫ ይያያዛሉ፤ በየግዛቱ ተለይተው ይጠቀለላሉ፤ ፊርማው ይቆጠራል። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1864 ሁለት ጥቁር ሰዎች ጥቅሉን ተሸክመው ሴኔት አዳራሽ ገቡና በሴናተር ቻርልስ ሳምነር ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። 100,000 ፊርማ፤ የሴቶች 65,601፣ የወንዶች 34,399። እነዚያ ሴቶች አንዳቸውም የመምረጥ መብት አልነበራቸውም። ማኅበሩ ሥራውን እስኪያቆም ፊርማው ወደ 400,000 ተጠግቶ ነበር።

የታጋዮቹ ትልቁ ጠብ ደግሞ በሕገ መንግሥቱ ላይ ነበር። ከጃንዋሪ 1831 ጀምሮ በቦስተን «ነጻ አውጪው» የተባለውን ጋዜጣ ያወጣ የነበረው ዊልያም ሎይድ ጋሪሰን፣ ሕገ መንግሥቱ ራሱ የባርነት ውል ነው ባይ ነበር፤ ጁላይ 4 ቀን 1854 በፍራሚንግሃም ሕዝብ ፊት አቃጠለው። ከባርነት አምልጦ ታጋይ የሆነው ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1851 ከዚህ አቋም ተለየ። የዳግላስ መከራከሪያ ቀላል ነው፦ ሰነዱ ውስጥ «ባሪያ» የሚል ቃል የለም። አርቃቂዎቹ «ሌሎች ሰዎች»፣ «ለሥራ የተያዘ ሰው» እያሉ ነው ያለፉት። ቃሉን ለመጻፍ ካፈሩ ሰነዱን ለነጻነት ማንበብ ይቻላል አለ። «ባርነት» የሚለው ቃል በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈው በ13ኛው ማሻሻያ ነው፤ የተጻፈውም ለመሻር።

ሜይ 1865 ጋሪሰን የአሜሪካ ፀረ ባርነት ማኅበር ሥራውን ጨርሷልና ይፍረስ አለ። ዳግላስና ዌንደል ፊሊፕስ እምቢ አሉ። ዳግላስ ጥቁሩ ሰው የምርጫ ካርድ እስኪይዝ ባርነት አልቀረም የሚል አቋም ያዘ። በ118 ለ 48 ማኅበሩ ቀጠለ፤ የፈረሰው የምርጫ መብትን የሚመለከተው 15ኛው ማሻሻያ ከጸደቀ በኋላ በ1870 ነው።

ቀለመወርቅ

ብራና ያልከው «የተተወ በር» ዋናው እዚሁ 13ኛው ላይ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ወደ አማርኛ ሲመለስ በግምት እንዲህ ይላል፦ ባርነትም ሆነ የግዳጅ አገልጋይነት፣ ሰውየው በሕግ አግባብ ለተፈረደበት ወንጀል ቅጣት ካልሆነ በቀር፣ በአሜሪካ አይኖርም። «ካልሆነ በቀር» የምትለዋ ናት ጉዷ።

በተግባር እንዴት እንደሠራች የሚሲሲፒን የኖቬምበር 1865 ሕጎች ተከትሎ ማየት ይቻላል። በመጀመሪያ፣ ጥቁር ሰው በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ ቤትና ሥራ እንዳለው የጽሑፍ ማስረጃ እንዲይዝ ይገደዳል። ማስረጃ የሌለው «ቦዘኔ» ተብሎ ይከሰሳል። ቅጣቱ እስከ 50 ዶላር ነው። በአምስት ቀን ውስጥ ካልከፈለ የወረዳው ሸሪፍ ቅጣቱን ለሚከፍልለት ሰው ያከራየዋል፤ በአጭር የሥራ ዘመን ቅጣቱን የሚሸፍን ይወስደዋል። አሠሪው የነበረ ሰው ቅድሚያ አለው። ወላጅ የሌላቸው ወይም ወላጆቻቸው «ማሳደግ አይችሉም» የተባሉ ልጆችም ለሙያ ልምምድ ተብለው ይሰጣሉ፤ እዚያም ቅድሚያው ለቀድሞው ጌታ ነው። በደቡብ ካሮላይና ደግሞ ከእርሻና ከቤት አገልጋይነት ውጭ ሌላ ሙያ መሥራት የፈለገ ጥቁር ሰው በዓመት ከ10 እስከ 100 ዶላር የፈቃድ ክፍያ ተጣለበት። መንገዱን ሁሉ ዘግቶ ወደ ማሳው የሚመልስ ነው።

ቀጥሎ እስረኛ ማከራየት መጣ። ግዛቱ እስረኛውን ለድንጋይ ከሰል ጉድጓድ፣ ለባቡር ሐዲድ ሥራ፣ የጥድ ሙጫ ለሚሰበሰብበት የተርፐንታይን ጫካ ያከራያል፤ ኪራዩን ለካዝናው ያስገባል። አላባማ በ1898 ከገቢዋ 73 በመቶ ያህሉን ያገኘችው ከዚህ ነው። ግዛቱ ከእስረኛ ካተረፈ እስረኛ መቀነስ አይፈልግም፤ ተከራዩም ሰውየው የሱ ንብረት ስላልሆነ ቢሞትበት ምትክ ይሰጠዋል። አላባማ ይህን ያቆመችው በ1928 ነው።

ማዕዶት

ቀለመወርቅ የጻፍከው ሁሉ ልክ ነው፤ ነገር ግን አንባቢ «ሐረጉ የተሸረበ ሴራ ነው» ብሎ እንዳይወጣ አንድ ነገር ልጨምር።

ሐረጉ አዲስ አይደለም። ከኦሃዮ ወንዝ በስተ ሰሜን ምዕራብ ላለው ምድር በ1787 ከወጣው ድንጋጌ አንቀጽ 6 ላይ ቃል በቃል ለማለት በሚቻል ሁኔታ የተወሰደ ነው። ኦሃዮ፣ ኢንዲያናና ኢሊኖይ በዚያ ቋንቋ ነው ያደጉት፤ ታጋዮቹም ለዓመታት እንደ ምሳሌ ሲጠቅሱት ኖረዋል። ሳምነር «ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው፤ ስለዚህ ማንም ሌላውን በባርነት ሊይዝ አይችልም» የሚል ከፈረንሳይ አብዮት የተቀዳ ጽሑፍ አቅርቦ ነበር። በላይማን ትራምቡል የሚመራው የሴኔቱ የፍትሕ ኮሚቴ አልተቀበለውም። የሚቺጋኑ ጄኮብ ሃዋርድም ዳኞች የሚያውቁትና የተፈተነ ቃል ይሻላል ብሎ ተከራከረ። የሕግ አርቃቂ ልማድ ነው፤ የታወቀ ቃል ክርክር ይቀንሳል። እዚህ ግን የታወቀው ቃል የተጻፈው ፋብሪካ የሚያህል የእስረኛ ገበያ ባልነበረበት ዘመን ነበር።

ደግሞ ሕጉ ሙሉ በሙሉ እጁን አላጣጠፈም። የ13ኛው ሁለተኛ ክፍል ለኮንግረስ የማስፈጸሚያ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ሰጥቷል። በማርች 1867 ሰውን በዕዳ አስሮ ማሠራትን የሚከለክል ሕግ በዚሁ ወጣ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1911 የአላባማን ሕግ የሻረውም በዚህ ነው። ያ የአላባማ ሕግ ቅድሚያ ክፍያ ተቀብሎ ሥራውን የተወን ሠራተኛ እንደ አታላይ ይቆጥረው ነበር፤ ለማታለል አላሰብኩም ብሎ ራሱ እንዳይመሰክርም ይከለክለው ነበር።

ቀለመወርቅ

ሴራ ነው አላልኩም ማዕዶት፤ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ ነበር ነው የምለው። ሳምነር በ1864 ራሱ ይህች ሐረግ ሰውን በቅጣት ስም ባሪያ ማድረግ ይቻላል የሚል ትርጉም ታመጣለች ብሏል። በ1866 መጨረሻ በሜሪላንድ አናፖሊስ የተፈረደባቸው ጥቁሮች በጨረታ ሊሸጡ ማስታወቂያ ሲወጣ፣ ወረቀቱን ይዞ ሴኔት ቀረበ። ማሻሻያው አንድ ዓመት እንደሞላው ማለት ነው። ያን ጊዜ ሊታረም ይችል ነበር።

ብራና

ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፤ ወደ 14ኛው እንለፍ፤ ከሦስቱ ብዙ የተለፋበት እሱ ነው።

ብዙ ሰው 14ኛውን የሚያውቀው በክፍል 1 ነው። ኮንግረሱን ያጣደፈው ግን የክፍል 2 ሒሳብ ነበር። በዋናው ሕገ መንግሥት በባርነት የተያዘ ሰው ለመቀመጫ ድልድል ሦስት አምስተኛ ሆኖ ይቆጠር ነበር። ባርነት ሲሻር ሙሉ ሰው ሆኖ ይቆጠራል። ደቡብ ካሮላይናን በ1860 ቆጠራ እንውሰድ፦ ጠቅላላ ሕዝብ 703,708፣ ከዚህ ውስጥ በባርነት የተያዘው 402,406። በድሮው ስሌት የምትቆጠረው 301,302 ሲደመር 241,444፣ ወደ 542,746 ሰው ነበር። ከ13ኛው በኋላ 703,708። ወደ 161,000 ሰው አተረፈች፤ ከእነዚያ ጥቁሮች ግን አንዱም አይመርጥም። ጦርነቱን የተሸነፈው ወገን በኮንግረስ ከበፊቱ የበለጠ ወንበር ይዞ ሊመለስ ነው!

ቀጥተኛው መፍትሔ ለጥቁሮች የመምረጥ መብት መስጠት ነበር። በ1866 ግን ብዙዎቹ የሰሜን ግዛቶችም ይህን አይፈቅዱም ነበርና ተፈራ። አሥራ አምስት አባላት ያሉት የመልሶ ግንባታ ጣምራ ኮሚቴ ዙሪያ ጥምጥም ሄደ፦ አንድ ግዛት ዕድሜያቸው 21 የሞላ ወንድ ዜጎችን ከምርጫ ካገደ የመቀመጫ ቁጥሩ በዚያው መጠን ይቀነሳል። 10 ወንበር ያለው ግዛት ከወንድ ዜጎቹ ግማሹን ቢከለክል 5 ይቀርለታል። ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ የሚቆጥረው ግን ማን ነው? ያንን ለማስፈጸም ስንት ሰው ታገደ የሚል አስተማማኝ ቆጠራና ደቡብን የሚጋፈጥ የኮንግረስ ድምፅ ያስፈልጋል። አንድም ጊዜ፣ በአንድም ግዛት ላይ አልተፈጸመም።

ሴኔቱ ጁን 8 ቀን 1866 በ33 ለ 11፣ የተወካዮች ምክር ቤት ጁን 13 ቀን በ120 ለ 32 አሳለፉት። ከተገነጠሉት ውስጥ ቴኔሲ ብቻ ወዲያው አጽድቃ ተመለሰች፤ አሥሩ አንቀበልም አሉ። ያን ጊዜ ኮንግረስ ማርች 2 ቀን 1867 ፕሬዚዳንት ጆንሰን አልፈርምም ብሎ የመለሰውን ሕግ እንደገና አጽድቆ አሥሩን በአምስት የጦር ቀጠናዎች ከፈላቸው፤ 14ኛውን ሳያጸድቁ ወንበር የለም አለ። ጁላይ 1868 ማሻሻያው ጸደቀ። ኦሃዮና ኒው ጀርሲ በመሃል ማጽደቃችንን ሰርዘናል ብለው ነበር፤ ኮንግረስ ቆጠራቸው።

የማታ አንባቢ

እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ያለን ሀበሾች ልጆቻችን ሲወለዱ ዜጋ የሚሆኑት በዚሁ በክፍል 1 ነው አይደል? እሱን የጻፈው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተሰየመለት ሃዋርድ ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

አንቀጽ አምስት

የመጀመሪያው አዎ፣ ሁለተኛው አይደለም። ሁለት ሃዋርዶች አሉ። ዩኒቨርሲቲው በማርች 1867 ሲቋቋም የተሰየመው ነጻ የወጡትን የሚረዳውን መሥሪያ ቤት ይመራ በነበረው በጄኔራል ኦሊቨር ኦቲስ ሃዋርድ ነው። (ሐኪሙ መላኩ በያን በ1930ዎቹ የተማረው እዚያው ነው።) የዜግነቷን ዓረፍተ ነገር ወደ ረቂቁ ያስገባው ከላይ ማዕዶት የጠቀሰው የሚቺጋኑ ሴናተር ጄኮብ ሃዋርድ ነው። የቀረውን የክፍል 1 ጽሑፍ በአመዛኙ የኦሃዮው ጆን ቢንግሃም ጻፈው፦ የዜጎች መብቶችና ከለላዎች፣ ተገቢ የሕግ ሥርዓት፣ እኩል የሕግ ጥበቃ።

የዜግነቷ ዓረፍተ ነገር ድሬድ ስኮትን ለመቅበር የተጻፈች ናት። በአሜሪካ የተወለደና ለሥልጣኗ ተገዢ የሆነ ሁሉ የአሜሪካም የሚኖርበት ግዛትም ዜጋ ነው ትላለች። «ለሥልጣኗ ተገዢ» የምትለው ሐረግ በዋናነት የዲፕሎማት ልጆችን ለይታ ለማውጣት ተብሎ ተብራርታለች። ሳን ፍራንሲስኮ ከቻይናውያን ወላጆች የተወለደው ዎንግ ኪም አርክ ከቻይና ሲመለስ እንዳይገባ ተከልክሎ ተከራከረ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1898 6 ለ 2 ዜጋ ነው አለ። በዚያን ጊዜ ወላጆቹ ራሳቸው ዜግነት መውሰድ በሕግ የተከለከሉ ነበሩ። በጃንዋሪ 2025 ስለ ትውልድ ዜግነት በወጣው ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ላይ የተነሣው ሙግትም የሚሽከረከረው በእነዚሁ ጥቂት ቃላት ዙሪያ ነው።

ጽጌ

አዲስ ገቢ ነኝ፤ ይቅርታ ይደረግልኝ። ለባሪያ አሳዳሪዎቹ ካሳ ተከፍሏል ወይ? በአገራችንም ባርነት በአንድ ቀን እንዳልቀረ አውቃለሁ፤ እዚያስ እንዴት ነበር?

ሰናይት ዘ.

እንኳን ደህና መጣሽ ጽጌ። ካሳ የተከፈለው በዋና ከተማዋ ብቻ ነው። ኤፕሪል 16 ቀን 1862 በወጣው ሕግ በዋሽንግተን ወደ 3,100 ሰዎች ነጻ ሲወጡ፣ ለኅብረቱ ታማኝ የሆነ አሳዳሪ በአማካይ እስከ 300 ዶላር በነፍስ ወከፍ ተሰላለት። ነጻ ለወጣው ሰው የተመደበው ካለ፣ አገር ለቅቆ ሄይቲ ወይም ላይቤሪያ እንዲሄድ ማበረታቻ ብቻ። 14ኛው ማሻሻያ በክፍል 4 ይህን መንገድ ለዘለቄታው ዘጋው፦ ለጠፋ ወይም ነጻ ለወጣ ባሪያ ማንም መንግሥት ካሳ አይከፍልም፤ የተገንጣዮቹ የጦር ዕዳም አይከፈልም።

ቀስ በቀስ መሻርን በተመለከተ፣ ሰሜኖቹም ያንን መንገድ ሄደውበታል። የፔንሲልቬኒያ የ1780 ሕግ ከዚያ በኋላ የተወለደ ልጅ እስከ 28 ዓመቱ እንዲያገለግል ያዝ ነበር። እነ ጋሪሰን «አሁኑኑ» ብለው የተነሡት ይህን ዓይነቱን መንገድ ተቃውመው ነው። በኢትዮጵያም ወደ መንግሥታት ማኅበር ከተገባ በኋላ በ1924 የወጣው ሕግ በደረጃ የሚሄድ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ የሻረው የ1942ቱ፣ በእኛ የ1934ቱ አዋጅ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ብራና አልፎታል። ክፍል 2 ላይ «ወንድ» የሚል ቃል ሦስት ጊዜ ተጽፏል፤ በሕገ መንግሥቱ ለመጀመሪያ ጊዜ። 400,000 ፊርማ የሰበሰቡት ሴቶች የተመለሰላቸው ይህ ነው። 15ኛው ሲመጣ ዘርንና ቀለምን ጠቅሶ ጾታን ሲተው ጎራው ተሰነጠቀ። ሜይ 1869 ስታንተንና አንተኒ 15ኛውን ተቃውመው የራሳቸውን ማኅበር አቆሙ፤ በኖቬምበር ደግሞ ሉሲ ስቶንና ማሻሻያውን የደገፉት ሌላ አቋቋሙ። ስታንተን በዚያ ክርክር ስለ ጥቁር ወንዶችና ስደተኞች የተናገረችው ነገር የሚያሳፍር ነው፤ ውለታዋ ይህን አይሸፍነውም። ፍራንሲስ ኤለን ዋትኪንስ ሃርፐር፣ ጥቁርም ሴትም ሆና፣ ከዳግላስ ጎን ቆመች።

ማዕዶት

15ኛው ላይ ብራና የጀመርከው ነጥብ ጎልቶ ይታያል። ሁለት ዓይነት ረቂቅ ነበር። የማሳቹሴትሱ ሄንሪ ዊልሰን ያቀረበው ሰፊው ረቂቅ በዘር ብቻ ሳይሆን በትውልድ አገር፣ በሀብት፣ በትምህርትና በእምነት ማገድንም ይከለክል ነበር። ወደቀ። ምክንያቱ ደቡብ ብቻ አይደለም፤ ማሳቹሴትስና ኮነቲከት ራሳቸው አይሪሾችን የሚያጣሩበት የንባብ ፈተና ነበራቸው፤ ካሊፎርኒያ ቻይናውያን እንዳይመርጡ ትፈልግ ነበር። የጸደቀው ጠባቡ ነው፦ በዘር፣ በቀለም ወይም ቀድሞ በባርነት በመያዝ ምክንያት መከልከል አይቻልም። ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1870 በቂ ግዛቶች አጸደቁት።

«በሌላ ምክንያት ይቻላል» ብሎ የሚያነብ ሰው መምጣቱ አልቀረም። ሚሲሲፒ በ1890 ባወጣችው ሕገ መንግሥት ሁለት ዶላር የራስ ግብር ጣለች፤ መራጩ ያለፉትን ሁለት ዓመታት ግብር መክፈሉን ማሳየት አለበት። ከዚያ የሕገ መንግሥቱን አንድ አንቀጽ ያነብባል ወይም ሲነበብለት መረዳቱን ያስረዳል፤ በቂ መረዳቱን የሚወስነው መዝጋቢው ነው። ዘር የሚል ቃል የትም አልተጻፈም። ሉዊዚያና በ1898 ያልተማሩ ነጮች እንዳይጎዱባት የአያት አንቀጽ ጨመረች፦ ጃንዋሪ 1 ቀን 1867 መምረጥ ይችል የነበረ ሰው፣ ልጁና የልጅ ልጁ ከፈተናው ነጻ ናቸው። ቀኑን እዩት፤ ለደቡብ ጥቁሮች ምርጫን የከፈተው ሕግ ከወጣበት ማርች 2 ቀን 1867 ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው የተቆረጠው። በሉዊዚያና በ1896 ተመዝግበው የነበሩት 130,334 ጥቁር መራጮች በ1900 ወደ 5,320 ወረዱ። የአያቱን አንቀጽ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1915 የኦክላሆማን ጉዳይ ሲያይ ሻረው፤ ፈተናውና ግብሩ ግን እስከ 1960ዎቹ ኖሩ።

ፍርድ ቤቱም እጁ አለበት። ኤፕሪል 1873 በኒው ኦርሊንስ የቄራዎች ጉዳይ 5 ለ 4 ሆኖ የቢንግሃምን «መብቶችና ከለላዎች» ባዶ ቅርፊት አደረገው። በ1883 14ኛው መንግሥትን እንጂ የግል ሰውን አይከለክልም አለ፤ ሆቴልና ባቡር ጥቁሮችን ማገድ ቻሉ። ዳኛው ጆን ሃርላን ብቻውን ተቃወመ። በ1896 በባቡር ላይ ጥቁርና ነጭን መለየት በተፈቀደበት በፕሌሲ ጉዳይም እንዲሁ ብቻውን ቆመ። ያ ፍርድ በትምህርት ቤቶች ጉዳይ እስኪገለበጥ ሜይ 1954 ደረሰ።

የማታ አንባቢ

ታዲያ የ13ኛዋን «ካልሆነ በቀር» ዛሬ ማውጣት አይቻልም?

ቀለመወርቅ

በየግዛቱ ሕገ መንግሥት ያለችውን የማውጣት ሥራ ተጀምሯል። ኮሎራዶ በ2018 አወጣቻት፤ ነብራስካና ዩታ በ2020፤ አላባማ፣ ቴኔሲ፣ ኦሪገንና ቨርሞንት በ2022። በዚያው ዓመት ሉዊዚያና ላይ ወደቀች፤ የረቂቁ አጻጻፍ ግልጽ አልነበረምና ያቀረበው ሰው ራሱ አትደግፉት እስከማለት ደርሷል። በ2024 ኔቫዳ አለፈች፤ ካሊፎርኒያ ላይ ግን መራጩ አልተቀበለውም። የፌዴራሉ ጽሑፍ እንዲነካ ደግሞ አንቀጽ አምስት የዘረዘረው ሒሳብ እንደገና ይመጣል፦ ሁለት ሦስተኛ በሁለቱም ምክር ቤቶች፣ ከዚያ ከ50 ግዛቶች 38።

አንቀጽ አምስት

በሌላ አነጋገር 13 ግዛቶች ዝም ካሉ ይቆማል። ሚሲሲፒ 13ኛውን ለማጽደቅ ድምፅ የሰጠችው በ1995 ነው፤ ወረቀቱ ለፌዴራሉ መዝገብ ቤት ሳይላክ ቀርቶ በይፋ የተመዘገበላት በፌብሩዋሪ 2013 ነው።